ቋንቋ በመቀመጥ ብቻ አይለመድም

ነገ የእንግሊዝኛ ፈተና ያለባት ልጅዎ ገመድ ልትዘል ስትወጣ «ተመለሺና አጥኚ!» ብለው ተቆጥተው ያውቁ ይሆናል። ቁጣዎ ከፍቅር የመነጨ ነው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ፣ ቋንቋው ያልገባት ልጅ በሒሳብና በሳይንስም ወደ ኋላ ትቀራለች። ሆኖም ዝላዩ የጥናቷ ጠላት አይደለም።

እስቲ ወደ ምሥራቅ ጎጃሟ መርጡለ ማርያም እንውሰድዎ። ንግሥት እሌኒ ያሠራችው የጥንት ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ በሚገኝበት በዚህ ደብር የሚዜመው በግዕዝ ነው። ግዕዝ ዛሬ የማንም አፍ መፍቻ ባለመሆኑ የአብነት ተማሪ እንደ ሁለተኛ ቋንቋ ይማረዋል። በንግሥ ዕለት ሊቃውንቱ ቃሉን በአፋቸው ብቻ አይሉትም፤ በመቋሚያ እየዘመሙ፣ በጸናጽልና በከበሮ እያጀቡ ያሸበሽባሉ። የቅኔ ተማሪም ግሱንና አገባቡን ከመምህሩ ከሰማ በኋላ ከጓደኞቹ ራቅ ብሎ፣ ወዲያ ወዲህ እያለ ቅኔውን ይቆጥራል። ዝማሜው የአምልኮ ሥርዓት እንጂ የጥናት ዘዴ ተብሎ የወጣ አይደለም። ቢሆንም ቃልና አካል አብረው መሄዳቸው ለአገራችን እንግዳ አለመሆኑን ያሳያል።

የዘመኑ ምርምርም ይህንኑ ይደግፋል። እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመ ጥናት እንግሊዝኛ የሚማሩ 40 ቻይናውያን በሁለት ተከፈሉ። አንደኛው ቡድን ተቀምጦ ተማረ። ሁለተኛው ከትምህርቱ በፊት ለ20 ደቂቃ፣ በትምህርቱም ወቅት ከቦታው የማይንቀሳቀስ የስፖርት ቢስክሌት በመጠኑ እየነዳ ተማረ። ቢስክሌት የነዱት አዳዲስ ቃላትን በመያዝና ዓረፍተ ነገርን በመረዳት በልጠው ተገኙ።

በቤትዎ ቢስክሌት አያስፈልግዎትም። ከጥናት በፊት ልጅዎ ለ20 ደቂቃ ያህል ገመድ ትዝለል ወይም ፈጠን ብላ ትራመድ። ቀጥሎ አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ጄምስ አሸር ከ1960ዎቹ ጀምሮ ያስተዋወቀውን ዘዴ ይሞክሩ፤ «ስታንድ አፕ»፣ «ጃምፕ»፣ «ኦፕን ዘ ዶር» እየተባለ ትእዛዙ በሥራ ይፈጸማል። እርስዎ እንግሊዝኛ ባይችሉ አይፈሩ፤ እርሷ ትዘዝ፣ እርስዎ ይፈጽሙ። ሁለታችሁም ትማራላችሁ።

አንድ ነገር ግን አይዘንጉ፤ የሥራ ድካም ስፖርት አይደለም። ውሃ ስትቀዳ፣ ልብስ ስታጥብ ውላ የዛለች ልጅ የሚያስፈልጋት ገመድ ሳይሆን እራትና ዕረፍት ነው። የቤቱን ሥራ ወንድሟም ይካፈላት።

እንግዲህ ነገ ገመዷን ስታነሣ አይቆጧት። ሃያ ደቂቃዋን ይስጧትና ከዚያ በኋላ ደብተሯን ይጠይቋት።