ትልቅ ጀልባ ትልቅ ዋስትና ነው? ስለ ዓሣ ማጥመጃ ካያክ ተረትና እውነታ

ከቦሌ ሚካኤል ተነስቶ በአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ለሚወጣ ሰው ቢሾፍቱ ሩቅ አይደለችም፤ 50 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ዝዋይም ቢሆን ወደ 160 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ቅዳሜን በውኃ ላይ፣ ቀረሶና አምባዛ ሲጠብቅ ማሳለፍ የሚወድ የከተማ ሰው ዓይኑ ቀስ በቀስ ወደ ካያክ፣ ማለትም ብቻውን ወደሚነዳት ትንሽ ጀልባ፣ ያመራል። ካያክ ለአገራችን ዓሣ አጥማጅ ገና አዲስ ዕቃ ስለሆነ፣ አይቶና ሞክሮ የሚመክር ሰው ጥቂት ነው። ክፍተቱን የሚሞላው ወሬ ነው፤ በውኃ ላይ ደግሞ ወሬ ሕይወት ያስከፍላል። ስለዚህ ትልቅ ካያክ ለመግዛት ያሰበ ሰው የሚሰማቸውን ሰባት አባባሎች አንድ በአንድ እንመርምር።

ተረት 1፦ ጀልባው በተለቀ ቁጥር አይገለበጥም።

እውነታ፦ ርዝመትና ስፋት የተለያየ ሥራ አላቸው። ርዝመት ፍጥነትና ቀጥ ብሎ መሄድን ይሰጣል፤ ከጎን ወደ ጎን እንዳይወዛወዝ የሚያደርገው ስፋት ነው። ለዓሣ ማጥመድ የሚሠሩት ሰፋፊዎቹ ካያኮች ከ85 እስከ 95 ሴንቲ ሜትር ይሰፋሉ። እነሱም ቢሆኑ ከተጫነባቸው ዕቃ ነፃ አይደሉም። ፋብሪካው የሚጽፈው የጭነት ልክ ጀልባው መንሳፈፍ የሚያቆምበትን ጫፍ ስለሚጠጋ፣ በደህና የሚቀዘፈው ከዚያ ልክ ሁለት ሦስተኛውን ያህል ሲጫን ነው። 80 ኪሎ ለሚመዝን ሰው መልሕቅ፣ የመጠጥ ውኃ፣ የበረዶ ሳጥን፣ የማጥመጃ ዕቃና የያዘው ዓሣ ተደምረው 35 ኪሎ ቢሆኑ፣ ጠቅላላው 115 ኪሎ ነው። 150 ኪሎ የሚል ጀልባ ለዚህ ሰው ያንሰዋል፤ 200 ኪሎ የሚለው ይበቃዋል። ከዚያ በላይ መሄድ ግን ትርፉ ክብደትና ነፋስ ነው፤ ከውኃው በላይ ከፍ ያለ ትልቅ ጎን ነፋሱ እንደ ሸራ ይገፋዋል።

ተረት 2፦ ወለሉ ቀዳዳ ያለው ጀልባ ይሰምጣል።

እውነታ፦ ከላይ የሚቀመጡበት ካያክ ወለሉን ዘልቀው የሚያልፉ ቱቦዎች አሉት። የገባው ውኃ በእነሱ ይወጣል፤ የሚያንሳፍፈው ግን ከሥር ያለው የታሸገ ክፍል ነው። የጣና ታንኳ ይህን ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። ከደንገል የታሰረ ታንኳ ውኃን በግድግዳ አይከለክልም፤ የሚንሳፈፈው ራሱ ደንገሉ ስለሆነ ማዕበል ቢያልፍበትም አይሰምጥም። ድክመቱ ሌላ ነው፦ ደንገል ውኃ ይመጥጣል፤ ስለዚህ ከሥራ በኋላ ወደ ዳር ወጥቶ መድረቅ አለበት። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል በ1969 እ.ኤ.አ. አትላንቲክን ለማቋረጥ ግብፅ ውስጥ ያሠራት «ራ» የተባለችው ጀልባ ደንገሏ የተቆረጠው ከጣና ነበር። ያቺ ጀልባ ውቅያኖሱን ሳትጨርስ ብትፈርስም፣ በማግስቱ ዓመት «ራ 2» በ57 ቀን ባርቤዶስ ደርሳለች። ለካያክ ገዢ ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ የሚያሰጋው ወለሉን ዘልቆ የሚያልፈው ቱቦ ሳይሆን በታሸገው ክፍል ላይ ያለ ስንጥቅ ወይም በደንብ ያልተዘጋ ክዳን ነው። ከእያንዳንዱ ጉዞ በፊት መፈተሽ ያለበት እሱ ነው።

ተረት 3፦ አፓርታማ ለሚኖር የሚነፋው ካያክ ሁሉን ነገር ይፈታል።

እውነታ፦ ግማሹን ይፈታል። ከወፍራም ፕላስቲክ የተሠራ 4 ሜትር ገደማ የሆነ የዓሣ ማጥመጃ ካያክ ከ40 እስከ 55 ኪሎ ይመዝናል፤ ቦሌ ሚካኤል ካሉት ፎቆች በአንዱ አራተኛ ወለል ላይ ለሚኖር ሰው በደረጃም በአሳንሰርም አይሆንለትም። የሚነፋው ታጥፎ በመኪና የኋላ ኮፈን ይገባል። ነገር ግን የአየር ግፊት ከከፍታ ጋር ይለዋወጣል። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ሲሆን ዝዋይ 1,640 ሜትር አካባቢ ነው። አዲስ አበባ ላይ የተነፋ ጀልባ ዝዋይ ሲደርስ ወደ 1 ፒኤስአይ የሚጠጋ ግፊት ያጣል። በ3 ፒኤስአይ ለሚሠራ ጀልባ ይህ አንድ ሦስተኛው ነው፤ መሐሉ ይሰረጉዳል። ሐይቁ ዳር ተነፍቶ ሳይተነፍስ ወደ ከተማ የሚመለሰው ደግሞ በተቃራኒው ይወጠራል፤ ፀሐይ ከተጨመረበት ስፌቱ ሊለቅ ይችላል። ስለዚህ ፖምፓውና የግፊት መለኪያው ከጀልባው ጋር ይጓዙ፤ ሐይቁ ዳር ይነፋ፣ እዚያው ይተንፍስ። ጠንካራውን ካያክ በፖርቶመጋላ የሚጭን ሰው በበኩሉ የመኪናው ጣሪያ የሚችለውን ክብደት ከመመሪያው ይመልከት፤ ፕላስቲኩ በፀሐይ ስለሚለሰልስ ገመዱን ከልክ በላይ አያጥብቅ።

ተረት 4፦ በፔዳል የሚነዳው ካያክ ከሚቀዘፈው ሁልጊዜ ይሻላል።

እውነታ፦ ፔዳል እጅን ለማጥመጃው ነፃ ያደርጋል፤ ጥልቀት ባለውና ንጹሕ ውኃ ላይ ትልቅ ጥቅም ነው። ነገር ግን ከወለሉ በታች የሚወርደው መግፊያ ጥልቀትና ጥርት ያለ ውኃ ይፈልጋል። የዝዋይ ጥልቀት በአማካይ ከ2 ሜትር ተኩል ብዙ አይበልጥም፤ ዳሩም በደንገልና በቄጠማ የተያዘ ነው። ቆቃ ለብዙ ዘመን፣ ጣናም ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከእምቦጭ ጋር ሲታገሉ ኖረዋል። እምቦጭ መግፊያው ላይ ሲጠመጠም ጀልባው ባለበት ይቆማል። የፔዳል ጀልባ ያለውም ቢሆን መቅዘፊያ ሳይዝ አይውጣ፤ ለሰፊ ካያክ ከ240 እስከ 260 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ይመረጣል፤ አጭሩ በጎኑ ላይ ይጋጫል።

ተረት 5፦ ጥልቀት የሌለው ሐይቅ አያስፈራም።

እውነታ፦ ጣና ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሆኖ ጥልቁ ቦታ 14 ሜትር አካባቢ ብቻ ነው። ነፋስ በሰፊና ጥልቀት በሌለው ውኃ ላይ ሲነዳ አጭር፣ ቀጥ ያለና ተደጋጋሚ ማዕበል ያነሳል፤ ካያክን የሚያሰቃየውም ይኸው ነው። በጣናም በስምጥ ሸለቆ ሐይቆችም ጠዋት ጸጥ ያለው ውኃ ከሰዓት በኋላ ይነሳል። ማለዳ መውጣት፣ ከቀትር በፊት መመለስና ከዳር አለመራቅ ከማንኛውም ዕቃ የበለጠ ይጠብቃል። ዝዋይና ጣና ግን ጉማሬ ስላላቸው፣ ማለዳ ሲወጡም ከዳር ሳይርቁ ከደንገሉ ጥግ ይሽሹ፤ በማለዳና በምሽት እዚያ መቅዘፍ አደገኛ ነው። በሁለቱም ዳርቻ ብልሃርዚያ ስላለ፣ ጀልባ ሲያወርዱ በባዶ እግር ውኃ ውስጥ መቆም አይገባም።

ተረት 6፦ መልሕቅ የትም ቢታሰር ያው ነው።

እውነታ፦ ከጎን መሐል የታሰረ መልሕቅ ነፋስ ወይም ማዕበል ሲመጣ ጀልባውን ወደ አንድ ጎን ጎትቶ ይገለብጠዋል። ገመዱ ከፊት ወይም ከኋላ ጫፍ መውጣት አለበት፤ በአንድ እጅ የሚፈታ መሆንም አለበት፤ በጃኬቱ ላይም ገመድ የሚቆርጥ ቢላ ይንጠልጠል። የገመዱ ርዝመት የጥልቀቱ ብዙ እጥፍ ሲሆን መልሕቁ ይይዛል። ለዝዋይ 15 ሜትር ይበቃል። የቢሾፍቱ ሐይቅ ግን እሳተ ገሞራ የፈጠረው ጉድጓድ ነው፤ ጥልቁ 87 ሜትር ይደርሳል። በዚያ መልሕቅ መጣል ትርጉም የለውም።

ተረት 7፦ ዋና የሚችል ሰው ላይፍ ጃኬት አያስፈልገውም።

እውነታ፦ ጃኬት የሚለበሰው መዋኘት በማይቻልበት ሰዓት እንዲያገለግል ነው፦ ጭንቅላት ሲመታ፣ ጡንቻ ሲኮማተር፣ ነፋስ ጀልባውን ከእጅ ሲነጥቅ። 50 ኒውተን የማንሳፈፍ ኃይል ያለው ጃኬት መዋኘት ለሚችል ሰው የሚረዳ መደገፊያ ነው። 100 ኒውተኑ ራሱን የሳተ ሰው ፊቱ ወደ ላይ እንዲዞር ታስቦ የተሠራ ነው። ጀልባው ላይ የታሰረ ወይም መቀመጫ ሥር የተቀመጠ ጃኬት ግን ከየትኛውም ዓይነት ቢሆን አያድንም። ተለብሶ፣ ዘለበቱ ተቆልፎ፣ ትከሻው ላይ ሲጎተት ወደ ጆሮ የማይወጣ መሆን አለበት።

በጀት ሲጠብ ቅደም ተከተሉ ከዚህ ይመነጫል። መጀመሪያ ልክ የሆነ ጃኬት፣ ቀጥሎ ጥሩ መቅዘፊያና ከጀልባው ጋር የሚያስረው ገመድ፣ ፊሽካና ውኃ የማያስገባ የስልክ ከረጢት ይገዙ። የዘንግ ማቆሚያው፣ ዓሣ ፈላጊ መሣሪያውና ተጨማሪ ሳጥኑ ከብዙ ጉዞ በኋላ ይደርሳሉ፤ ምን እንደሚጎድል የሚያስተምረው ውኃው ነው። ዓሣ ማስገር በአዋጅ ቁጥር 315/1995 የሚመራ ሥራ ስለሆነ፣ መረብም ሆነ መንጠቆ ከመጣል በፊት የአካባቢውን የዓሣ ሀብት ጽሕፈት ቤት ስለ ፈቃድ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ከመግዛት በፊት አንድ ፈተና ይቀራል፤ የጀልባውን ትክክለኛ ልክ የሚናገረውም እሱ ነው። ጃኬት ለብሰው፣ ሌላ ሰው ዳር ቆሞ እያየ፣ ብልሃርዚያ በሌለበት ወገብ በሚያህል ውኃ ውስጥ ካያኩን ሆን ብለው ይገልብጡት። ከዚያ ብቻዎን መልሰው ይገልብጡትና ይውጡበት። ሰፊና ከባድ ካያክ ቶሎ አይገለበጥም፤ አንዴ ከተገለበጠ ግን መልሶ ማቅናቱ ከቀላሉ ይልቅ ያስቸግራል። መልሰው ሊወጡበት ያልቻሉት ጀልባ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ አይግዙት፤ የሚያንሰውን ይሞክሩ።