ልጅ ወልዶ ድጋሚ ዓረብ አገር መሄድ፦ ከመወሰንሽ በፊት ስለ ልጅሽና ስለ ራስሽ ጤና



ሰሞኑን በውስጥ መስመር እየተደጋገመ የመጣው ጥያቄ የጨጓራ ወይም የደም ግፊት አይደለም። እንዲህ የሚል ነው፦ "ቤሩት 4 ዓመት ሠርቼ ተመልሻለሁ። አሁን ደብረ ብርሃን ነኝ። ልጄ 1 ዓመት ከ4 ወሩ ነው፣ ጡት አልጣለም። ኤጀንሲው ለሳዑዲ ፕሮሰስ ጀምሪ ብሎኛል። ልጁን አንኮበር እናቴ ጋ ልተወው አስቤ ነበር፣ ይጎዳብኝ ይሆን?" የአገሩ ስምና የልጁ ዕድሜ ይለያያል እንጂ ነገሩ አንድ ነው።

ሂጂ ወይም አትሂጂ ማለት የኔ ሥራ አይደለም። የቤት ኪራዩን የምትከፍለው እሷ ናት። ጤናን በተመለከተ ግን ብዙ ሰው የማያስባቸው ነገሮች ስላሉ ዛሬ በደንብ እንያቸው።

መጀመሪያ የልጁ ዕድሜ። ኮንትራት ብዙ ጊዜ የ2 ዓመት ነው። ዛሬ 1 ዓመት ከ4 ወር የሆነው ልጅ ስትመለሺ 3 ዓመት ከ4 ወር ይሆነዋል። ከ40 ወር ዕድሜው 24ቱን ያላንቺ ያሳልፋል ማለት ነው። እናት ስትለይ ልጅን በጣም የሚከብደው ደግሞ በግምት ከ7 ወር እስከ 3 ዓመት ባለው ጊዜ ነው። ማን እናቱ እንደሆነች ለይቶ ያውቃል፣ "ትመጣለች" የሚባለው ነገር ግን ገና አይገባውም። ለሱ የሄደ ሰው የለም ማለት ነው።

ይህን በደንብ ያሳየው ጄምስ ሮበርትሰን የሚባል ለንደን ይሠራ የነበረ ባለሙያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 ባወጣው ፊልም ላይ ለ8 ቀን ሆስፒታል የተኛች አንዲት የ2 ዓመት ሕፃን ትታያለች። ያኔ ወላጅ ከልጁ ጋር አያድርም ነበር። ሮበርትሰንና ባልደረባው ጆን ቦልቢ ከወላጅ የተለዩ ሕፃናት በሦስት ደረጃ እንደሚያልፉ ገለጹ። መጀመሪያ ያለቅሳል፣ ይፈልጋል፤ ቀጥሎ ዝም ይላል፣ ያዝናል፤ በመጨረሻ የረሳ ይመስላል፣ ይጫወታል፣ እናቱ ስትመጣ ግን ፊቱን ያዞራል። እኛ አገር ይሄ ሦስተኛው "ለመደ" ይባላል። ለመደ ሲባል ሁልጊዜ ዳነ ማለት አይደለም።

ግን ሌላም ጎን አለው። ሮበርትሰንና ባለቤቱ ጆይስ በኋላ ሕፃናትን ራሳቸው ቤት ተቀብለው ሲያሳድጉ፣ አንድ የታወቀና የሚወዳቸው ሰው የያዛቸው ልጆች ከብዙ ሠራተኛ እጅ ወደ እጅ ከተቀባበሏቸው ልጆች በጣም የተሻለ እንደቻሉት አዩ። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ መሄድሽ ብቻ ሳይሆን ልጁን ማን ይይዘዋል የሚለው ነው። አያት ባዕድ አይደለችም። ችግሩ ልጁ 3 ወር አያቱ ጋ፣ 3 ወር አክስቱ ጋ፣ ከዚያ ጎረቤት ጋ ሲዞር ነው።

እኔን ብትጠይቂኝ፣ 3 ዓመት እስኪሞላው መቆየት የሚቻል ከሆነ ቆይ እላለሁ። 6 ወር ላልሞላው ጡት ለሚጠባ ሕፃንማ ባይሆን ይሻላል። የማይቻልበት ኑሮ እንዳለ አውቃለሁ። ከሆነ ግን ርክክቡ በአንድ ቀን አይደረግ።

ከጉዞው ቢያንስ ከ2 ወር በፊት ልጁን ይዘሽ አያቱ ቤት ግቢ። መጀመሪያ አንቺ እያለሽ አያቱ ታጥበው፣ ታብላው፣ ታስተኛው። ከዚያ አንድ ቀን፣ ቀጥሎ ሁለት ቀን ደብረ ብርሃን ደርሰሽ ተመለሽ። መሄድና መመለስ የሚባል ነገር እንዳለ በዚህ ይማራል። ልጁ እንደተኛ በሌሊት ሹልክ ብሎ መሄድ የተለመደ ነው፣ "እንዳያለቅስ" ተብሎ። እባካችሁ ይቅር። ያለቅስ። ነቅቶ ሲያጣሽ ግን ከዚያ በኋላ እንቅልፍ ራሱ ያስፈራዋል።

የአያትየዋንም ጤና እዩ። የደም ግፊትና የስኳር ምርመራ ታድርግ። እሷ ብትታመም ልጁን የሚይዘው ሁለተኛ ሰው ማን እንደሆነ ካሁኑ ይታወቅ። አንኮበር ብርድ ነው፣ ምድጃው ብዙ ጊዜ ቤት ውስጥ ነው፤ ጭስ ደግሞ ከ5 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን ለሳንባ ምች ያጋልጣል። ልጁ እሳት በሚነድበት ክፍል አይተኛ። ከአንኮበር ደብረ ብርሃን ወደ 40 ኪሎ ሜትር ነው፤ ሌሊት ቢታመም በምን እንደሚመጣ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። የክትባት ካርዱን ከአያቱ ጋ አስቀምጪ። የኩፍኝ ሁለተኛው ዶዝ በ15 ወር ነው የሚሰጠው፣ ብዙ ሰው የ9 ወሩን ካስከተበ በኋላ ይረሳዋል። ልጁ በአያቱ የጤና መድን ካርድ ላይ መመዝገቡንም አረጋግጪ። አያቱ ለልጁ ጉዳይ የምትፈርምበት ውክልና ቢኖራት ጥሩ ነው።

ጡት ማስጣል። አየር ማረፊያ ሄዶ ጡቱ ተወጥሮ፣ ትኩሳት ይዟት አውሮፕላን የምትሳፈር እናት አለች። በአንድ ጊዜ ማቆም የጡት ኢንፌክሽን ያመጣል። ከ3 እስከ 4 ሳምንት ወስደሽ አንድ አንድ ጊዜ ቀንሺ፣ መጀመሪያ የቀኑን፣ በመጨረሻ የሌሊቱን። ሬት መቀባት አያስፈልግም። ከተወጠረ ትንሽ አልቢው፣ ቀዝቃዛ ጨርቅ አድርጊበት፣ ጠፍረሽ አትሰሪው። ከቀላና ትኩሳት ካለው ጤና ጣቢያ ሂጂ።

አሁን ወደ አንቺ። በሬ ሳይሸጥ፣ ብድር ሳይወሰድ በፊት ተመርመሪ። ለባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚደረገው ምርመራ ኤችአይቪ፣ ሄፓታይተስ ቢ፣ የሳንባ ነቀርሳና እርግዝናን ያያል። ድሮ የታከመ የሳንባ ነቀርሳ ጠባሳ በራጅ ቢታይ እንኳ ሊያስጥል ይችላል። ይህን ሁሉ ከፍሎ ከጨረሱ በኋላ ማወቅ ያማል።

የወሊድ መቆጣጠሪያም አስቢበት። ይሄን መጻፍ ነውር ነው የሚሉኝ አሉ፣ አይደለም። በየ3 ወሩ የሚወጋው መርፌ አሠሪ ቤት ተዘግቶ ለሚኖር ሰው አይሆንም። በክንድ የሚቀበረው እንደ ዓይነቱ 3 ወይም 5 ዓመት ይሠራል። ከጋብቻ ውጪ ማርገዝ እስር በሚያስከትልባቸው አገሮች፣ በመደፈር የመጣ እርግዝና እንኳ ሴቷን ሊያሳስራት ይችላል። ይህ የሚደርስ ነገር ስለሆነ ነው የምጽፈው።

ሙቀቱ ሌላ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር በላይ ነው፤ ሪያድ በበጋ ከ45 ዲግሪ ያልፋል። ሰውነት ሙቀት ለመልመድ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ይፈልጋል። ውኃ በብዛት ጠጪ፣ ሽንት ጠቆር ካለ አልበቃሽም ማለት ነው።

ከሁሉ በላይ የምጠነቀቀው ግን የአእምሮ ጤናን ነው። ከመጀመሪያው ጉዞ ስትመለሺ እንቅልፍ አጥተሽ ነበር? አሁንም በር ሲንኳኳ ትደነግጫለሽ? የሌለ ድምፅ ሰምተሽ ታውቂያለሽ? አንዱም ካለ አስቀድመሽ ታከሚ። ድብርት ካገገሙ በኋላ እንኳ መድኃኒቱ ቢያንስ 6 ወር ይቀጥላል፤ አሠሪ ቤት ገብቶ መድኃኒት ማግኘት ደግሞ ከባድ ነው። ሕመሙ ሳይድን ወደዚያው ዓይነት ቤት መመለስ በኔ እምነት ትልቁ አደጋ ይሄ ነው፣ ከሙቀቱም ከሥራውም በላይ።

የምትሄጂ ከሆነ በሕጋዊ መንገድ ይሁን። በ2008 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 923 የቪዛና የደርሶ መልስ ትኬት ወጪ የአሠሪው እንዲሆን ደንግጓል። በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ከ160 ሺህ በላይ ሰው በጥቂት ወራት ውስጥ ተመልሷል፤ በ2012 ዓ.ም. ደግሞ ቤሩት አሠሪዎች ሴቶቹን ቆንስላው በር ላይ አምጥተው ጥለዋል። ስለዚህ የምትልኪው ሁሉ አይለቅ፣ የተወሰነው በራስሽ ስም ይቀመጥ። አባቶችም ብትሆኑ ይሄ ሁሉ ይመለከታችኋል፣ ጡቱ ሲቀር።

ከሄድሽ በኋላ በኢሞ ስትደውዪ አጭርና በተመሳሳይ ሰዓት ይሁን። ልጁ ስልኩን ትቶ ቢሮጥ ጠልቶሽ አይደለም፣ ሕፃን ስልክ አይወድም። አያቱ ግን ከ2 ሳምንት በላይ ካልበላ፣ ከከሳ፣ ይናገር የነበረውን ካቆመ ጤና ጣቢያ ትውሰደው።

ስትመለሺም ሮጦ አያቅፍሽም። አያቱን "እማዬ"፣ አንቺን በስምሽ ሊጠራሽ ይችላል። አትቆጪው፣ አያቱንም አትቀሚው። በዚያው ሳምንት ይዘሽው ወደ ደብረ ብርሃን አትምጪ፤ ጥቂት ሳምንታት አያቱ ቤት አብራችሁ እደሩ፣ እሱ ራሱ ወዳንቺ እስኪመጣ።