የሁሉም የሆነ መንገድ ጠባቂው ማን ነው?

(ገላጭ ድርሰት)

ማለዳ ወደ ትምህርት ቤት ስትሄዱ የምትረግጡት መንገድ የማን ነው? ቤቱ የወላጆቻችሁ ነው፤ ማሳው የባለማሳው ነው፤ ትምህርት ቤቱም ርእሰ መምህርና ዘበኛ አለው። ከደጃፋችሁ ተነሥቶ እስከ ትምህርት ቤቱ በር የሚያደርሳችሁ የእግር መንገድ ግን የሁሉም ነው ይባላል። የሁሉም የሆነውን ነገር ሁሉም ይገለገልበታል፤ ሲበላሽ ግን እያንዳንዱ ሰው ሌላው ያበጀዋል ብሎ ይጠብቃል። ይህ ድርሰት የጋራ መንገድና የጋራ ሜዳ እንዴት እንደሚበላሹ፣ በበጎ ፈቃድ የሚሠሩ ሰዎችም እንዴት ሊጠብቋቸው እንደሚችሉ ይገልጻል።

አዴትን በምሳሌነት እንውሰድ። አዴት ከባሕር ዳር በስተደቡብ፣ ከ40 ኪሎ ሜትር ጥቂት በሚበልጥ ርቀት፣ ወደ ሞጣ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ የይልማና ዴንሳ ወረዳ ከተማ ናት። ከፍታዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ነው። በዙሪያዋ ጤፍ፣ ስንዴ፣ በቆሎና ዳጉሳ ይበቅላሉ፤ በግብርና ምርምር ማዕከሏም ትታወቃለች። በካርታ ላይ ጎልቶ የሚታየው አውራ ጎዳናው ነው። እህል የጫነች አህያ ወደ ገበያ የምትነዳበት፣ ተማሪ ከገጠር ቀበሌ ወደ ከተማ የሚመጣበት፣ ነፍሰ ጡር እናት ወደ ጤና ጣቢያ የምትወሰድበት መንገድ ግን ከካርታው ላይ ላይኖር ይችላል። እንዲህ ላለው መንገድ አብዛኛውን ጊዜ ስም እንኳ አልወጣለትም። የኑሮው ግማሽ ግን የሚያልፈው በእርሱ ላይ ነው።

የጋራ የሆነው መንገድ ብቻ አይደለም። በአገራችን በየከተማው የገበያ ቦታ አለ፤ የመስቀል ደመራ የሚደመርበት፣ ታቦት የሚወርድበት የጥምቀተ ባሕር ሜዳ አለ፤ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት፣ ከብት የሚሰማራበት፣ ሽማግሌዎች በዋርካ ጥላ ሥር ተቀምጠው የተጣላ የሚያስታርቁበት ቦታ አለ። እነዚህ ቦታዎች ለአንድ ከተማ እንደ ሳንባ ናቸው። ሲጠብቡና ሲበላሹ ከተማው ወዲያው አይሞትም፤ ነገር ግን ትንፋሽ እያጠረው ይሄዳል።

እንግዲህ የመጀመሪያውን ጥያቄ እንመልከት። የእግር መንገድ እንዴት ይሞታል? ብዙ ሰው በእግር ብዛት የሚያልቅ ይመስለዋል። እግር መንገዱን ያደክመዋል እንጂ አይገድለውም፤ ቀንደኛ ጠላቱ ውሃ ነው። በአዴት አካባቢ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ዝናብ ይዘንባል፤ አብዛኛውም የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ጥቂት ወራት ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ውሃ ይሆናል። ስፋቱ 2 ሜትር፣ ርዝመቱ 500 ሜትር የሆነ መንገድ 1,000 ካሬ ሜትር ነው። በአንድ ቀን 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢዘንብ በዚህ መንገድ ላይ ብቻ 30,000 ሊትር ውሃ ይወርዳል፤ ይህም 200 ሊትር የሚይዝ በርሜል 150 ጊዜ ይሞላል። የሰው እግርና የከብት ኮቴ የጠቀጠቀው አፈር ደግሞ እንደ ታረሰ ማሳ ውሃውን አይመጥም። ስለዚህ ውሃው ቁልቁለቱን ተከትሎ ይሮጣል፤ በሮጠም ቁጥር የሚሸከመው አፈር ይበዛል።

በዚህ ላይ የማሳው ውሃ ይጨመርበታል። የጎጃም ገበሬ ሰብሉ ውሃ እንዳይተኛበት በእርሻው ውስጥ ፈሰስ ያወጣል። ፈሰሱ ለማሳው ጥቅም አለው። ነገር ግን መውጫው መንገድ ላይ ከሆነ መንገዱ ቦይ ይሆናል። ቦዩ ክረምት በመጣ ቁጥር እየጠለቀ ይሄዳል፤ ውሎ አድሮም ቦረቦር ሊሆን ይችላል። መንገደኛውም ቦረቦሩን ሸሽቶ በዳር በዳር መሄድ ይጀምራል። ያን ጊዜ ሣሩ ይረገጣል፤ አዲሱ ዳርም በተራው ይቦረቦራል። አንዱ መንገድ ሁለት፣ ሁለቱም ሦስት እየሆኑ ሜዳውን ይበሉታል።

ይህ ነገር በሩቅ አገር ብቻ የታየ አይደለም። ከባሕር ዳር በስተደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ አዴት በሚወስደው መንገድ አቅራቢያ፣ ደብረ መዊ የተባለች ቦታ አለች። በዚያ ያለውን ቦረቦር ተመራማሪዎች ለክተው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2010 አሳትመዋል። ከቦረቦሩ የታጠበው አፈር፣ በስፋት ሲመዛዘን፣ ከዳገቱ ማሳ ከታጠበው በብዙ እጥፍ የበለጠ ሆኖ ተገኝቷል። አንዱ ምክንያት በሸለቆው ግርጌ ያለው መሬት በክረምት ከሥሩም ከላዩም ውሃ ስለሚጠግብ ነው። ውሃ የጠገበ አፈር ጉልበት የለውም፤ ዳሩ ተንዶ ይወድቃል። ከዚህ የምንረዳው ቁም ነገር አለ። ጉዳቱ ሲጀምር በዶማና በአካፋ ሊመለስ ይችላል፤ ካደገ በኋላ ግን ብዙ ገንዘብና ብዙ ጉልበት ይጠይቃል። ስለዚህ የጋራ መንገድ ጠባቂ የሚያስፈልገው መንገዱ ከተበላሸ በኋላ ሳይሆን ገና ደህና ሳለ ነው።

አሁን ደግሞ ሁለተኛውን ጥያቄ እናንሣ። ሕዝባችን ተባብሮ መሥራትን አያውቅምን? እንዲያውም በሚገባ ያውቃል። ገበሬው በደቦ ያርማል፤ በወንፈል ያጭዳል፤ በጅጌ ይወቃል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገርም ይህንኑ ልማድ ይገልጻል። ታዲያ ይህ ሁሉ የመተባበር ልማድ እያለ መንገዱ ለምን ይቦረቦራል? ምክንያቱ እንዲህ ነው። በደቦ ጊዜ ጠሪ አለ። ጠሪው ጠላ ይጠምቃል፤ እንጀራ ይጋግራል፤ የረዱትንም በተራው ይረዳል። ዛሬ ለእርሱ ያረመ ሰው ነገ የሚያርምለት እንዳለ ያውቃል። መንገድ ግን ጠላ አይጠምቅም። ማንንም አይጠራም፤ ለማንም ብድር አይመልስም። ስለዚህ የደቦ መልካምነት ብቻውን እስከ መንገዱ አይደርስም።

እስከ መንገዱ ሊደርስ የሚችለው የዕድር ሥርዓት ነው። ዕድር በሐዘን ቀን የሚያገለግለው የአባላቱ ልብ ደግ ስለሆነ ብቻ አይደለም። አባሉ በስም የታወቀ ነው፤ መሰብሰቢያው ቀን የተቆረጠ ነው፤ ዕቃው በመዝገብ የተቆጠረ ነው፤ የቀረም ቅጣቱን ይከፍላል። ቸርነት በሥርዓት ሲታሰር ዕድሜ ያገኛል። የጋራ መንገድም የሚጠበቀው የታወቀ ሰው፣ በታወቀ ቀን፣ የታወቀውን ክፍል ሲይዝ ነው።

በጎ ፈቃድ ማለት ሰው ሳይገደድና ዋጋ ሳይቀበል፣ ዘመዱ ላልሆነም ሰው ጭምር የሚጠቅም ሥራ መሥራቱ ነው። በጎ ፈቃድን ከአንድ ቀን ዘመቻ መለየት ይገባል። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአረንጓዴ አሻራ መርሐ ግብር በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታውቆ ነበር። መትከል የአንድ ቀን ሥራ ነው። ችግኝ ግን በጋውን እንዲያልፍ አጥር፣ ውሃና ጠባቂ ይፈልጋል። የጣና ሐይቅም ሌላ ምሳሌ ይሆነናል። እምቦጭ የተባለው አረም በሐይቁ ላይ መኖሩ እ.ኤ.አ. በ2011 ከታወቀ በኋላ፣ የዙሪያው ገበሬዎችና ከየከተማው የመጡ በጎ ፈቃደኞች ውሃ ውስጥ ገብተው በእጃቸው ነቅለውታል። ድካማቸው የሚመሰገን ነው። ነገር ግን አረሙ በፍጥነት ይራባል፤ ዘሩም በጭቃ ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ስለዚህ ዛሬ የጸዳ ዳርቻ ነገ ጠባቂ ካጣ ተመልሶ ይወረራል።

የጥምቀትንም በዓል አስታውሱ። በየከተማው ወጣቶች ታቦት የሚያልፍበትን መንገድ ይጠርጋሉ፤ ድንጋዩን ያነሣሉ፤ ምንጣፍ ያነጥፋሉ። ማንም አይከፍላቸውም፤ ማንም አያስገድዳቸውም። ይህም ወጣቱ ጉልበትና ፈቃድ እንዳለው ያረጋግጣል። የሚጎድለው በዓሉ ካለፈ በኋላ ያሉትን ቀኖች የሚከፋፍል ሥርዓት ነው።

እንዲህ ያለ ሥርዓት ሊዘልቅ እንደሚችል ከሌላው ዓለም አንድ ማስረጃ እንጥቀስ። በሰሜን አሜሪካ አፓላሺያን በተባለው የተራራ ሰንሰለት ላይ እ.ኤ.አ. በ1937 የተጠናቀቀ የእግር መንገድ አለ። ርዝመቱ ከ3,500 ኪሎ ሜትር ያላነሰ ሲሆን ዐሥራ አራት ክፍላተ ሀገርን ያቋርጣል። መንገዱን በዋናነት የሚንከባከቡት ሠላሳ ያህል የበጎ ፈቃደኞች ማኅበራት ናቸው። ምሥጢሩ ቀላል ነው፤ እያንዳንዱ ማኅበር የራሱ ድርሻ አለው። ማንም ሰው 3,500 ኪሎ ሜትር ሊጠብቅ አይችልም፤ ጥቂት ኪሎ ሜትር ግን ይችላል።

በአንድ ትምህርት ቤት አካባቢ ሥራው እንዴት ሊጀመር ይችላል? በመጀመሪያ፣ በሐምሌ ወይም በነሐሴ ዝናብ ሲያባራ መንገዱን ተከትላችሁ ሂዱ፤ ውሃው ከየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ በደብተራችሁ ላይ ንደፉ። ጎርፉ ካየለ ግን ከዳር ራቁ። ሁለተኛ፣ መንገዱን በዛፍ፣ በድንጋይ ወይም በድልድይ እየለያችሁ በመቶ በመቶ ሜትር ክፈሉት፤ ለእያንዳንዱም ክፍል የቡድን ስም ስጡ። ሦስተኛ፣ በበጋው ወራት ውሃውን ከመንገዱ የሚያወጡ መቀልበሻዎችን ቆፍሩ። መቀልበሻው መንገዱን ቀጥ ብሎ የሚያቋርጥ ሳይሆን ወደ ቁልቁለቱ ያዘነበለ ሰያፍ ይሁን፤ ቀጥ ያለ እንደሆነ ደለል ቶሎ ይሞላዋል። ዳገቱ በበረታ መጠን መቀልበሻዎቹ ይቀራረቡ። አራተኛ፣ ውሃው የሚለቀቀው ሣር ወዳለበት መሬት እንጂ ወደ ሰው ማሳ አይሁን። ከባለማሳው ጋር ሳይመክሩ የተቆፈረ ቦይ ከጎርፍ የከፋ ጠብ ያመጣል። አምስተኛ፣ በግንቦት፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ ደለሉን ጥረጉ፤ ዳር ዳሩን ሣር ትከሉ። እነዚህ ሥራዎች ከዶማ፣ ከአካፋና ከማጭድ የበለጠ መሣሪያ አይጠይቁም።

ይሁን እንጂ የበጎ ፈቃድ ሥራ ወሰን እንዳለው ማወቅ ያስፈልጋል። ከሰው ቁመት በላይ የጠለቀ ቦረቦር የተማሪ ሥራ አይደለም፤ ዳሩ ሊናድ ይችላል። ለዚህ ክትር የሚሠሩ ባለሙያዎችና የመንግሥት በጀት ያስፈልጋሉ። ሕዝቡ ስለሚሠራ ማዘጋጃ ቤቱ ይረፍ ማለትም አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 92 አካባቢን የመንከባከብ ግዴታ የመንግሥትም የዜጎችም መሆኑን ደንግጓል። ስለዚህ የመንገዱን ንድፍ የሠሩ ተማሪዎች ንድፉን ይዘው ወደ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ቢሄዱ፣ «መንገዳችን ተበላሸ» ብሎ ከማማረር የበለጠ ይደመጣሉ። የትኛው ቦታ፣ በስንት ሜትር፣ በምን ምክንያት እንደተጎዳ የሚናገር ሰው በቀላሉ አይመለስም።

እንግዲህ በመጀመሪያ ወደ ጠየቅነው ጥያቄ እንመለስ። የሁሉም የሆነ መንገድ ጠባቂው ማን ነው? «ሁሉም ነው» የሚለው መልስ ትክክል ይመስላል፤ ነገር ግን ሲፈተሽ «ማንም አይደለም» ማለት ሆኖ ይገኛል። ትክክለኛው መልስ «ከሾላው እስከ ድልድዩ እኛ ነን፤ ከድልድዩ ወዲያ እነርሱ ናቸው» የሚል ነው። ነገ ማለዳ ወደ ትምህርት ቤት ስትሄዱ የእናንተ ክፍል ከየት ተነሥቶ የት እንደሚያበቃ እያያችሁ ሂዱ።

መልመጃ

1. የእግር መንገድ ወደ ቦረቦር የሚለወጠው በምን ቅደም ተከተል ነው? በራሳችሁ አባባል አስረዱ።
2. ጸሐፊው «መንገድ ጠላ አይጠምቅም» ሲል ምን ማለቱ ነው? ደቦና ዕድር በምን ይለያያሉ?
3. የሚከተሉትን ቃላት በዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገቡ፦ ፈሰስ፣ ደለል፣ ሰያፍ፣ መቀልበሻ፣ ክትር።
4. «ወጣቶች መንገዱን ይጠርጋሉ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ወደ ተደራጊ ግሥ ለውጣችሁ ጻፉ። ከድርሰቱም ሌሎች ሦስት የአድራጊ ዓረፍተ ነገሮች አውጥታችሁ እንዲሁ አድርጉ።
5. በአካባቢያችሁ ካሉት የጋራ ቦታዎች አንዱን መርጣችሁ፣ በምን ምክንያት እንደሚጎዳና በምን ዓይነት ሥርዓት ሊጠበቅ እንደሚችል የሚገልጽ የሦስት አንቀጽ ድርሰት ጻፉ።