የሰጠነው መረጃ ሽያጭ ነው ወይስ አማና?



በቅርቡ በነፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ጀሞ ኮንዶሚኒየም አካባቢ፣ ከዐሱር ሶላት በኋላ መንገድ ዳር ከተቀመጡ እናት ኦቾሎኒ ገዛን። እንደተለመደው በወረቀት ተጠቅልሎ ነበር። በልተን ከጨረስን በኋላ ወረቀቱን ስንዘረጋው በእጅ የተሞላ የማመልከቻ ቅጽ ሆኖ አገኘነው። የአመልካቿ ስም ከነአያቷ፣ የትውልድ ዘመኗ፣ ወረዳዋና የቤት ቁጥሯ፣ ስልኳ፣ የወር ገቢዋ፣ በችግር ጊዜ የሚጠራላት ሰው ስም ሳይቀር ተጽፎበታል። ቅጹ ከየት እንደወጣ መጥቀስ አልፈለግንም፤ ጉዳዩ የአንድ መሥሪያ ቤት ብቻ አይደለምና። ወረቀቱን አቃጠልነው።

እኚያ እናት አሮጌ ወረቀት በኪሎ የሚገዙ ናቸውና ጥፋት የለባቸውም። አመልካቿ ግን አገልግሎት ፈልጋ፣ ወረፋ ጠብቃ፣ የተጠየቀችውን ሁሉ አምና የሰጠች እህታችን ነች። አምና የሰጠችው ነገር የኦቾሎኒ መጠቅለያ ሆኖ ቀረ።

የዚህ ክፍለ ከተማ ስም ራሱ ብዙ ይናገራል። «ነፋስ ስልክ» የሚለው መጠሪያ ያለ ሽቦ በአየር መልእክት ያስተላልፍ ከነበረ የሬዲዮ ጣቢያ የመጣ እንደሆነ ይነገራል። ለዚያ ዘመን ሰው ቃል በነፋስ ተሳፍሮ መሄዱ የሚያስደንቅ ነበር። ዛሬ በነፋስ የሚሄደው የእኛው ስም፣ የእኛው ገንዘብና የእኛው ጓዳ ነው። ታዲያ ለመሆኑ ይህ ሁሉ ሲሄድ ጠባቂው ማን ነው?

ሁለተኛው ዋጋ

እንደሚታወቀው ስለ ሸማች ሲወራ ቀድሞ የሚታሰበን ሚዛንና ዋጋ ነው። ስኳሩ ጎድሏል ወይ? ዘይቱ ተቀላቅሎበታል ወይ? እንላለን። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የወጣውም ይህን የመሰለውን ጉዳት ለመከላከል ነው። ዛሬ ግን ሸማቹ ከገንዘቡ ሌላ ሁለተኛ ዋጋ ይከፍላል፤ እርሱም ስለ ራሱ የሚሰጠው መረጃ ነው።

ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ አስጀመረ። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያም ኤም-ፔሳን በነሐሴ 2015 ዓ.ም. አስከተለ። ዛሬ የቴሌብር ደንበኞች ብቻ ከ50 ሚሊዮን በላይ ናቸው። በዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 መሠረት የሚሰጠው ፋይዳ ደግሞ የጣት አሻራችንን፣ የዓይናችንን ብሌንና የፊታችንን ምስል ይመዘግባል። የይለፍ ቃል ቢሰረቅ ይቀየራል፤ አሻራ ግን አይቀየርም።

ጥቅሙን መካድ አይገባም። ከሃና ማርያም ወይም ከለቡ የሚኖር ሰው ታክሲ ሳይሰለፍ የመብራቱንና የውኃውን ሂሳብ ከቤቱ ይከፍላል። ቤት ወይም መኪና በዋስትና ማስያዝ የማትችል ነጋዴ የስልክ ገንዘብ እንቅስቃሴዋ ብቻ ታይቶ ብድር የምታገኝበት አሠራርም መጥቷል። (ወለድን የሚመለከተው ጉዳይ ራሱን የቻለ ርእስ ስለሆነ ለሌላ ጊዜ ይቆየን።) ይህ ሁሉ የሚሆነው መረጃ ስላለ ነው። ስለዚህ ጥያቄው «መረጃ እንስጥ ወይስ አንስጥ?» የሚል ሳይሆን «ከሰጠን በኋላ የማን ነው?» የሚል ነው።

የተጠያቂነት ጉድለቱ የሚጎዳው ደግሞ ደካማውን ነው። አንድ ቀን ስልካቸው ይጠራል። «እናቴ፣ ከባንክ ነው የምንደውለው፤ ሂሳብዎ ሊዘጋ ስለሆነ አሁን በመልእክት የደረሰዎትን ቁጥር ይንገሩን» ይላል አንድ ትሑት ድምፅ። ደዋዩ ስማቸውን ከነአባታቸው ያውቃል፤ በየትኛው ባንክ እንደሚጠቀሙም ያውቃል። እናታችን የሚያምኑት ለዚህ ነው። ቁጥሩን በነገሩ በደቂቃዎች ውስጥ ለልጅ ትምህርት ቤት የተቀመጠው ገንዘብ ይሄዳል። ሌባው የተጠቀመበት ዋናው መሣሪያ ስልኩ ሳይሆን ቀድሞ ከአንድ ቦታ የወጣው መረጃ ነው።

አዋጁ ምን ያዛል?

የአገራችን ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የእያንዳንዱ ሰው የግል ሕይወት፣ በፖስታና በስልክ የሚያደርገው ግንኙነት ሳይቀር፣ እንዲከበር ደንግጓል። ይሁን እንጂ ይህን በዝርዝር የሚያስፈጽም ሕግ ለረጅም ጊዜ አልነበረም። ክፍተቱን ለመሙላት የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 በ2016 ዓ.ም. በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጸደቀ። አፈጻጸሙን እንዲቆጣጠር ኃላፊነት የተሰጠው ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

የአዋጁን ፍሬ ነገር በአንድ ምሳሌ ማስረዳት ይቻላል። ጎረቤታችን ለጉዞ ሲነሣ የቤቱን ቁልፍ ሰጥቶን አበባውን እንድናጠጣለት ለመነን እንበል። ቁልፉ በእጃችን ነው፤ ቤቱ ግን የእኛ አልሆነም። ቁልፉን ማስቀረጽ፣ ለሌላ ሰው ማዋስ፣ ሳጥን ከፍቶ ማየት አንችልም። ሲመለስም ቁልፉን እንመልሳለን። አዋጁም የሚለው ይህንኑ ነው። መረጃ ሲወሰድ ሕጋዊ ምክንያት ወይም የባለቤቱ ፈቃድ ይኑር፤ ለተባለለት ዓላማ ብቻ ይዋል፤ ከሚያስፈልገው በላይ አይጠየቅ፤ ትክክለኛ ይሁን፤ ከሚያስፈልግበት ጊዜ በላይ አይቀመጥ፤ በእጅ እስካለ ድረስም ይጠበቅ። ባለቤቱም ምን እንደተያዘበት የማወቅ፣ የተሳሳተውን የማሳረም፣ የማሰረዝና የመቃወም መብት አለው። ሃይማኖትን፣ ጤናንና የአካል አሻራን የመሳሰሉት ደግሞ ጥንቃቄ የሚሹ ተብለው በተለይ ይጠበቃሉ። የልጆች መረጃ ያለ ወላጅ ወይም አሳዳጊ ፈቃድ አይነካም።

ለእኛ ይህ አዲስ ትምህርት አይደለም። ሳያስፈቅዱና ሳይሰላሙ ወደ ሰው ቤት መግባት በሱረቱል ኑር (አያ 27) ተከልክሏል። የሰውን ነውር አለመሰለል በሱረቱል ሑጅራት (አያ 12)፣ አማናን ለባለቤቱ መመለስ ደግሞ በሱረቱ ኒሳእ (አያ 58) ተደንግጓል። በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤት በር ቀዳዳ አጮልቆ ያየ ሰው ምን ያህል እንደተወገዘም በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። የዛሬው የበር ቀዳዳ በኪሳችን ያለው ስልክ ነው።

ከጎረቤት አገር የተገኘ ትምህርት

ሕግ በወረቀት ላይ ሲቀርና ሲሠራበት ያለውን ልዩነት ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻም። ኬንያ የመረጃ ጥበቃ ሕጓን ያወጣችው በ2019 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያ አገር በስልክ ፈጣን ብድር የሚሰጡ መተግበሪያዎች እጅግ ተስፋፍተው ነበር። ተበዳሪው መተግበሪያውን ሲጭን በስልኩ የተመዘገቡትን ስሞች በሙሉ እንዲያይ ይፈቅድለታል። ክፍያ ሲዘገይ አበዳሪው ለአለቃው፣ ለአማቱ፣ ለጎረቤቱ እየደወለ «እገሌ ዕዳ አለበት» ይላል። የተበደረው አንድ ሰው፣ የተዋረደው መላ ቤተሰብ ሆነ።

የኬንያ የመረጃ ጥበቃ ኮሚሽነር ጽሕፈት ቤት በመስከረም 2023 እ.ኤ.አ. ሁለት እንዲህ ያሉ መተግበሪያዎችን ያንቀሳቅስ የነበረውን ሙላ ፕራይድ የተባለ ድርጅት 2,975,000 የኬንያ ሽልንግ ቀጣ። በዚያው ጊዜ የተማሪዎችን ፎቶግራፍ ያለ ወላጅ ፈቃድ ያሰራጨ አንድ የናይሮቢ ትምህርት ቤት 4,550,000 ሽልንግ ተቀጥቷል። ልብ እንበል፤ ቅጣቱ የተገኘው ተጎጂዎች ዝም ስላላሉ፣ አቤቱታቸውን ይዘው ስለሄዱ ነው።

የሶላት ወቅት የሚነግረን ስልክ

ከኬንያው የበለጠ እኛን በቀጥታ የሚነካ ነገርም ደርሷል። በኅዳር 2020 እ.ኤ.አ. ማዘርቦርድ የተባለው የዜና አውታር ባወጣው ዘገባ፣ ከ98 ሚሊዮን ጊዜ በላይ የተጫነውና የሶላት ወቅትና ቂብላ የሚያሳየው ሙስሊም ፕሮ የተባለ መተግበሪያ የተጠቃሚዎቹን መገኛ ኤክስ-ሞድ ለተባለ መረጃ ነጋዴ ያስተላልፍ እንደነበር፣ ከነጋዴው ደንበኞች መካከልም ለአሜሪካ ጦር የሚሠሩ ተቋራጮች እንደነበሩ ገለጸ። የመተግበሪያው ባለቤቶች ለጦሩ ሸጠናል መባሉን አስተባብለው ከመረጃ ነጋዴው ጋር ያላቸውን ግንኙነት ማቋረጣቸውን አስታወቁ።

ቂብላውን ለማወቅ የፈለገ ሙእሚን መቼ ከየትኛው መስጊድ እንደገባና እንደወጣ እንዲነገድበት ፈቅዶ ነበርን? በጥር 2024 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ኤክስ-ሞድንና ተተኪውን የሰዎችን ጥብቅ የመገኛ መረጃ እንዳይሸጡ የሚከለክል ትእዛዝ አወጣ። ኮሚሽኑ ዋና ሥራው ሸማችን ከአታላይ ንግድ መጠበቅ መሆኑን ስናስተውል፣ የመረጃ ጥበቃና የሸማች ጥቅም አንድ ጉዳይ መሆኑን እንረዳለን።

ሕግስ ዋጋ የለውምን?

ሚዛናዊ ለመሆን ሌላውንም ወገን መመልከት ይገባል። የአውሮፓ ኅብረት ጥብቅ የመረጃ ጥበቃ ሕግ በግንቦት 2018 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ የጎግልን የመተግበሪያ ገበያ ያጠኑ የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት፣ ከመተግበሪያዎቹ አንድ ሦስተኛ ያህሉ ከገበያ እንደወጡ፣ አዳዲስ የሚገቡትም በግማሽ ያህል እንደቀነሱ ደርሰውበታል። ከወጡት መካከል መጥፎዎቹ ቢኖሩም፣ ሸማቹ ሊጠቀምባቸው ይችል የነበሩ ጥሩዎችም አብረው ቀርተው ይሆናል። በሌላ በኩል ሰው በየገጹ «እስማማለሁ» የሚለውን ሳያነብ መጫን ለመደ። ያልተነበበ ፈቃድ ደግሞ ፈቃድ ለመባል ይከብዳል።

ይህ ለእኛም ማስጠንቀቂያ ነው። በጎፋ አንድ ክፍል ተከራይተው መተግበሪያ የሚሠሩ ወጣቶችና ሚሊዮኖችን የመዘገበ ትልቅ ድርጅት እኩል የወረቀት ሸክም ቢጫንባቸው፣ ወጣቶቹ ይዘጋሉ፤ ትልቁ ይቀራል። ተወዳዳሪ ሲያጣም ዋጋውን የሚጨምረው በሸማቹ ላይ ነው። እንግዲህ የአፈጻጸም ዝርዝሩ ግዴታውን ከአቅምና ከጉዳት መጠን ጋር ቢያመዛዝን መልካም ነው። ይሁንና የሕጉ ሸክም መኖሩ ሕጉ አያስፈልግም ለማለት አያበቃም። ሚዛን መግዛት ለነጋዴው ወጪ ነው፤ ያለ ሚዛን ግን ገበያ የለም።

እኛስ በየቤታችን?

አንደኛ፣ መረጃ ስንጠየቅ ሦስት ጥያቄ እንጠይቅ። ለምን ይፈለጋል? እስከ መቼ ይቀመጣል? ለማን ይተላለፋል? ይህን መጠየቅ ጥርጣሬ ሳይሆን መብት ነው።

ሁለተኛ፣ የመታወቂያ ፎቶ ኮፒ ስንሰጥ በላዩ ላይ ለምን ጉዳይና በየትኛው ቀን እንደሰጠን እንጻፍበት።

ሦስተኛ፣ የምስጢር ቁጥርንና በመልእክት የሚመጣ ማረጋገጫን ለማንም አንንገር። ወጣቶች ሆይ! ይህን ለእናቶቻችሁና ለአያቶቻችሁ በትዕግሥት ማስረዳት የእናንተ ድርሻ ነው። «ስልክ አያውቁም» ብሎ መሳቅ አይገባም።

አራተኛ፣ መተግበሪያ ስንጭን የስም ዝርዝራችንን አንክፈትለት። የሶላት ወቅት ለማወቅ «አዲስ አበባ» ብሎ ከተማውን መምረጥ የሚቻል ከሆነ የቆምንበትን ቦታ መስጠት አያስፈልግም። በስልካችን ያሉት ቁጥሮች የእኛ ብቻ አይደሉም፤ የሌሎች ሰዎች አማና ናቸው።

አምስተኛውና ከባዱ የሚመለከተው እኛኑ ነው። በየመድረሳው የተማሪዎች ስምና የወላጆች ስልክ፣ በየእድሩ የአባላት ዝርዝር፣ በየጀማዓው የዘካ ተቀባዮች መዝገብ አለ። በረመዷን የምግብ እሽግ የተቀበለች ባልቴት ፎቶግራፍ በቴሌግራም ሲለጠፍ፣ የተቸገሩ ቤተሰቦች ስም ከነስልካቸው ከቡድን ወደ ቡድን ሲተላለፍ አይተናል። ሰጪዎቹ በጎ ለማድረግ አስበው ነው። ነገር ግን ምጽዋትን ደብቆ ለድሆች መስጠት የተሻለ መሆኑ በሱረቱል በቀራህ (አያ 271) ተነግሯል። ያቺ ባልቴት ዱቄቱን የተቀበለችው ፊቷን ለመሸጥ አልነበረም። ሌላውን «የሰውን መረጃ በተነ» ብለን ከመክሰሳችን በፊት የራሳችንን መዝገብ እንቆልፍ።

በመጨረሻም ወደ ጀሞዋ ወረቀት እንመለስ። ያች እህት ቅጹን ስትሞላ ስሟን አልሸጠችም፤ አደራ አስቀመጠች እንጂ። አዋጁ አሁን ከጎኗ አለ፤ ነገር ግን መብቷን የማታውቅ ከሆነ፣ አደራ ተቀባዩም አላህን ካልፈራና ተጠያቂነትን ካላሰበ፣ የአዋጁ ቅጂ ራሱ አንድ ቀን የኦቾሎኒ መጠቅለያ ከመሆን አያልፍም።

አላህ (ሱ.ወ.) አማናን ከሚጠብቁት ያድርገን። አሚን።