የክራር አውታርና የተሰበረ ቅልጥም
የፕሮፌሰር ጋቭሪል ኢሊዛሮቭ የሕክምናና የምርምር ሕይወት

ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ስለ ውጥረት በማስተምርበት ቀን ክራር ይዤ ክፍል እገባለሁ። የረገበውን አውታር በጣት ሲጫኑት ያለ ተቃውሞ ይጎብጣል። መቃኛው ሲጠብቅ ግን ያው ቀጭን አውታር ጣትን የሚመልስ ኃይል ያገኛል። አውታሩ አልወፈረም፤ የተሠራበትም ነገር አልተለወጠም፤ የተጨመረለት ውጥረት ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ከኋላ የተቀመጠ ተማሪ እጁን አውጥቶ፣ «መምህር፣ ይህ ነገር ከሙዚቃ ሌላ ለምን ይጠቅማል?» ሲል ጠየቀኝ። «ለተሰበረ እግር» ብዬ ብመልስለት ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ይህ ጽሑፍ ለዚያ ሳቅ የዘገየ ማብራሪያ ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢያን ልብ ይሏል።

የተሰበረ አጥንት ምን ይሻል?

አጥንት ከሌሎቹ የሰውነት ክፍሎች የሚለይበት አንድ ጸጋ አለው። ቆዳ ሲቆረጥ ጠባሳ ይተዋል፤ አጥንት ግን በደንብ ከተያዘ ራሱን መልሶ አጥንት አድርጎ ይሠራል። ለዚህም ሦስት ነገሮች ያስፈልጉታል፤ የደም ዝውውር፣ ከመወላገድ የሚጠብቀው ድጋፍና መጠነኛ ጭነት። ችግሩ ሦስቱን በአንድ ጊዜ ማሟላት አስቸጋሪ መሆኑ ነው።

ጀሶ የሚይዘው ከውጭ ሥጋውን እንጂ አጥንቱን አይደለም። የወጌሻ የቀርከሃ መቃም እንደዚሁ ነው፤ ከመጠን በላይ ከጠበቀ ደግሞ በትንንሾቹ የደም ሥሮች ውስጥ ካለው ግፊት የበለጠ ግፊት ፈጥሮ ደሙን ያግዳል፤ ስብራቱ ሊድን ሲችል እግሩ ይሞታል። አጥንቱን በብረት ሰሌዳና በቪቴ ከውስጥ ማሰር ጠንካራ ድጋፍ ይሰጣል፤ ነገር ግን ቁስሉ ክፍት ሆኖ ካመረቀዘ ብረቱ ለባክቴሪያዎች መሸሸጊያ ይሆናል። ስለዚህ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት አጥንቱ ያመረቀዘ ቁስለኛ ብዙውን ጊዜ የሚጠብቀው ለዓመታት መተኛት ወይም እግሩን ማጣት ነበር።

የዶልጎቭካው ሐኪም

ጋቭሪል ኢሊዛሮቭ በ1921 በፖላንድ ተወልደው በካውካሰስ ተራሮች አካባቢ፣ በአዘርባይጃን በምትገኘው ቁሳር፣ በድህነት አደጉ። ትምህርት ቤት የገቡት ከእኩዮቻቸው ዘግይተው ነበር። ሕክምና የተማሩበት የክራይሚያ ተቋም በጦርነቱ ምክንያት ወደ ካዛኽስታን ተዛውሮ ስለነበር ትምህርታቸውን በስደት ላይ ሆነው ፈጽመው በ1944 ተመረቁ። የተመደቡትም ከሞስኮ ወደ ምሥራቅ 2,000 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚርቀው በኩርጋን ክፍለ ሀገር፣ ዶልጎቭካ በተባለች መንደር ነበር።

በዚያ የገጠር ሐኪም ቤት ወጣቱ ሐኪም አዋላጅም፣ የሕፃናት ሐኪምም፣ ቀዶ ጠጋኝም ነበሩ። በየዕለቱ የሚያዩት ግን ከጦር ሜዳ የተመለሱትን፣ አጥንታቸው አልገጥም ያለውን ወጣቶች ነበር። የመፍትሔ መሣሪያቸውን ማሰብ የጀመሩት እዚያው ሲሆን፣ በ1952 ለፈጠራቸው የመንግሥት ማረጋገጫ አመለከቱ።

መሣሪያው ሲታይ ቀላል ነው። እግሩን ዙሪያውን የሚከቡ የብረት ቀለበቶች አሉ። ቀጫጭን ሽቦዎች ከቀለበቱ አንድ ጎን ተነሥተው፣ ቆዳንና አጥንትን ቀዳድተው፣ በሌላው ጎን ይታሰራሉ። ቀለበቶቹን እርስ በርሳቸው የሚያያይዙት ረጃጅም ብሎኖችና ዳዶዎች ናቸው። ስብራቱ ያለበት ቦታ ሳይከፈት፣ ብረት ሳይቀበርበት፣ አጥንቱ ራሱ ከውጭ ይያዛል።

ቀጭን ሽቦ የሰውን ክብደት እንዴት ይሸከማል?

እዚህ ላይ ወደ ክራራችን እንመለስ። ለአዋቂ ሰው የሚውለው ሽቦ ውፍረቱ 1.8 ሚሊ ሜትር ነው። በሁለት ጫፉ የታሰረ 16 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው እንዲህ ያለ የብረት ሽቦ ሳይወጠር መሐሉን ብንጫነው፣ 1 ሚሊ ሜትር ለማጉበጥ ወደ 5 ኒውተን የሚሆን ኃይል ይበቃል። ሐኪሙ ግን ሽቦውን እስከ 1,300 ኒውተን ይወጥረዋል፤ ይህም 130 ኪሎ ግራም ጭነት ከጫፉ ቢንጠለጠል የሚፈጠረው ውጥረት ነው። የተወጠረ አውታር መሐሉ ላይ ሲጫኑት የሚያሳየው ግትርነት የውጥረቱ አራት እጥፍ ለርዝመቱ ተካፍሎ ይገኛል። 1,300ን በ4 አባዝተን ለ0.16 ሜትር ብናካፍል በእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር 32 ኒውተን ገደማ ተጨማሪ መቋቋም እናገኛለን። በድምሩ 37 ኒውተን ገደማ ነው። ሽቦው ሳይወፍር ከሰባት እጥፍ በላይ ጠነከረ ማለት ነው።

ሌላም ጠቀሜታ አለ። ሽቦው በጎበጠ መጠን ይለጠጣል፤ በተለጠጠ መጠን ውጥረቱ ይጨምራል። ስለዚህ ታካሚው ሲረግጥ አጥንቱ ወደ ታችና ወደ ላይ በጥቂቱ ይነቃነቃል እንጂ ከልክ አያልፍም። አንዱ ሽቦ ሌላውን አቋርጦ ስለሚያልፍም ወደ ጎን መንሸራተቱ ይገታል። አጥንት ለመዳን የሚሻው መጠነኛ ጭነት በዚህ መንገድ ይሟላል፤ ታካሚውም አልጋ ላይ ከመተኛት ይልቅ በክራንች እየታገዘ መራመድ ይችላል።

ዳዶው ወደ ተቃራኒው ሲዞር

መሣሪያው በመጀመሪያ የታሰበው የተሰበሩትን ጫፎች እርስ በርስ ለማጣበቅ ነበር። እንደሚነገረው አንድ ታካሚ ዳዶዎቹን በስህተት ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ አዞረና ጫፎቹ በመቀራረብ ፈንታ ተራራቁ። ኢሊዛሮቭ የራጅ ፊልሙን ሲመለከቱ በክፍተቱ ውስጥ አዲስ አጥንት እየበቀለ አገኙ።

ሌላ ሐኪም ታካሚውን ገሥጾ ዳዶውን መልሶ ያጠብቀው ይሆናል። እርሳቸው ግን «ለምን?» ብለው ጠየቁ። ጥያቄውንም ወደ ቤተ ሙከራ ወሰዱት። እርሳቸውና ባልደረቦቻቸው በውሾች ቅልጥም ላይ ባካሄዱት ተከታታይ ሙከራ አጥንቱ በየቀኑ ምን ያህል ቢሳብ እንደሚሻል መዘኑ። በቀን 0.5 ሚሊ ሜትር ሲሳብ ክፍተቱ ብዙውን ጊዜ ያለ ጊዜው ጠንክሮ መሳቡን አገደ፤ 2 ሚሊ ሜትር ሲሆን ሕብረ ሕዋሱ ተጎዳ፤ 1 ሚሊ ሜትር ተስማሚ ሆነ። ይኸው 1 ሚሊ ሜትር በአንድ ጊዜ ከሚሳብ ይልቅ በትንንሽ ክፍልፋዮች ሲሳብ ውጤቱ ይበልጥ ያማረ ነበር። አጥንቱ ብቻውንም አላደገም፤ የደም ሥሮች፣ ነርቮች፣ ጡንቻዎችና ቆዳ አብረውት ረዘሙ።

የብሎኑ ጥርስ አንድ ሙሉ ዙር 1 ሚሊ ሜትር ያስኬዳል። ስለዚህ ታካሚው በየስድስት ሰዓቱ ሩብ ዙር ቢያዞር በቀን 1 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በአደጋ 5 ሴንቲ ሜትር አጥንት የጎደለበት ሰው ጉድለቱን ለመሙላት 50 ቀን ያህል ያዞራል፤ ከዚያም አዲሱ አጥንት እስኪጠነክር ከዚህ የረዘመ ጊዜ መሣሪያውን ተሸክሞ ይቆያል። ሥቃዩ ቀላል አይደለም። ሽቦው በሚያልፍበት ቆዳ ላይ ማመርቀዝ ያጋጥማል፤ የመገጣጠሚያ መተሳሰርም ይከተላል። ቢሆንም ይቆረጥ የነበረ እግር ይተርፋል።

የሠላሳ ዓመት ግድግዳ

ዜናው ግን በቀላሉ አልተሰማም። በዋና ከተማዎቹ ተቋማት የነበሩ አንዳንድ ታላላቅ ሐኪሞች የኩርጋኑን ሰው «ብረት ሠራተኛ» እያሉ ያላግጡባቸው ነበር። በ1968 በፐርም ከተማ ለዝቅተኛው የምርምር ዲግሪ ያቀረቡት ጥናት ገምጋሚዎቹን ስላስደነቀ በቀጥታ የሳይንስ ዶክተርነት ማዕረግ ተሰጣቸው። በዚያው ዓመት በቶኪዮ ኦሊምፒክ የከፍታ ዝላይ ወርቅ ባለቤት የነበረው ቫለሪ ብሩሜል ወደ ኩርጋን ሄደ። በ1965 በሞተር ብስክሌት አደጋ የደቀቀው እግሩ ከብዙ ቀዶ ሕክምና በኋላም አልዳነም ነበር። በኢሊዛሮቭ እጅ ድኖ እንደገና ከ2 ሜትር በላይ ዘለለ። በ1971 የኩርጋኑ ሥራ ራሱን የቻለ የምርምር ተቋም ሆነ።

የምዕራቡ ዓለም በሩን የከፈተው ከዚያም ዘግይቶ ነው። ጣሊያናዊው ተራራ ወጪ ካርሎ ማውሪ ለዓመታት ያሠቃየውን እግሩን በ1980 በኩርጋን ታክሞ ሲመለስ የአገሩ ሐኪሞች ተደነቁ፤ በ1981 ኢሊዛሮቭን በቤላጂዮ በተካሄደ ጉባኤ ላይ እንዲናገሩ ጋበዟቸው። የውሾቹ ሙከራ ዝርዝር በእንግሊዝኛ በሁለት ክፍል የታተመው በ1989 ሲሆን፣ ፕሮፌሰሩ በ1992 አረፉ።

ይህን ታሪክ የቅናትና የንቀት ታሪክ ብቻ አድርጎ መቁጠር ግን ስህተት ይመስለኛል። አዲስ ነገር ሲሰሙ «ማስረጃው የታለ?» ማለት የሳይንስ ሰው ግዴታ ነው። ግድግዳውን በመጨረሻ ያፈረሱት ኢሊዛሮቭ ስለ ራሳቸው የተናገሩት ሳይሆን ከእግራቸው የዳኑት ሰዎችና ተለክተው የቀረቡት ቁጥሮች ናቸው።

ለእኛስ?

በዩኒቨርሲቲ የሚሠራ የአጥንት አደጋ ቀዶ ሐኪም ሕይወቱ በሦስት ቦታ ይከፈላል፤ በታካሚው አልጋ፣ በምርምሩና በመማሪያ ክፍሉ። ከአልጋው ጥያቄ ያነሣል፤ በምርምሩ ጥያቄውን ይለካል፤ በክፍሉ መልሱን ለተተኪው ያወርሳል። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ሌሎቹም ይደክማሉ። ኢሊዛሮቭ ዳዶው የዞረበትን ታካሚ አክመው ብቻ ቢያሰናብቱት ኖሮ አንድ ሰው ይድን ነበር፤ ዕውቀቱ ግን አብሯቸው ይቀበር ነበር።

የጥቁር አንበሳ ሆስፒታልን በመሰሉ የማስተማሪያ ሆስፒታሎቻችን የቀለበት መሣሪያውን የሚያውቁ ሐኪሞች አሉ። በመኪና ወይም በሞተር ብስክሌት አደጋ ቅልጥሙ ከቆዳው ወጥቶ ወደ እነርሱ የሚደርስ ሰውም ብዙ ነው። በሞፈርና በቀንበር ለሚያርስ ገበሬ እግር ማጣት ከማሳው መለየት፣ ልጆቹንም ከትምህርት ገበታ ማስቀረት ሊሆን ይችላል።

በየዓመቱ ጎበዝ ተማሪዎቻችን ሕክምናን ሲመርጡ የፊዚክስ ክፍላችን ወንበሮች ባዶ ይሆናሉ። በዚህ አልቀየምም። ነገር ግን ሐኪም የምትሆኑ የውጥረትን ሕግ «ለፈተና ብቻ» ብላችሁ እንዳትረሱት፣ ፊዚክስ የምታጠኑም የሆስፒታሉን በር የሌላ ሰው በር አድርጋችሁ እንዳታዩት አደራ እላለሁ። ያ ከኋላ የተቀመጠው ተማሪ ጥያቄው ተገቢ ነበር። እኔም ዛሬም ክራሩን ይዤ ስገባ አስቀድሜ የምጠብቀው እንደ እርሱ እጁን የሚያወጣ ተማሪ ነው።