ጥላና ጥላሸት

የእህቴ ልጅ አሥር ዓመቷ ነው። ማይንክራፍት የሚባለው ጌም ላይ ራሷን ሥላ ስትጨርስ ታብሌቷን ታቅፋ መጣችና «ጋሼ፣ ለምንድን ነው የታመምኩ የምመስለው?» አለችኝ። አየሁላት። ልብሱም ዓይኑም ደህና ነው፤ ፊቱ ግን አመድ መስሏል። ጠይም ቀለም ቀብታ፣ ከጉንጭና ከአገጭ ሥር ጥቁር ደርባበታለች። ጥላ መሥራቷ ነበር።

የሣለችው ስኪን ይባላል፤ ለማያውቅ ባጭሩ፦ የገጸ ባሕርዩ ገላና ልብስ የሚሣለው ወርዱም ቁመቱም 64 ፒክስል በሆነ አንድ ጠፍጣፋ ሥዕል ላይ ነው። ጌሙ ያንን እንደ ካርቶን አጥፎ ያለብሰዋል። ደረት 8 በ12 ነው። ክንድ ስቲቭ በሚባለው የአካል ዓይነት 4፣ አሌክስ በሚባለው 3 ፒክስል ይሰፋል። ከላይ ለጸጉር፣ ለኮፍያ፣ ለነጠላ የሚሆን ሁለተኛ ሽፋን አለ። እስከ 2014 ድረስ ሥዕሉ 64 በ32 ስለነበር ግራው ክንድ የቀኙ ግልባጭ ነበር፤ ቀኝ እጅ ላይ አምባር ካደረጉ ግራውም ያደርጋል። ፊት 8 በ8 ነው። «የልጆች ጨዋታ» የሚሉኝ ሰዎች እስቲ በ64 ነጥብ እናቱ የምትለየው ሰው ይሣሉና እንነጋገር።

አሁን ወደ ሕመሙ። ዘጠኙ ከአሥሩ ጀማሪ ጥላ ማለት ጥቁር መጨመር ይመስለዋል። ይህ ጥላ ሳይሆን ጥላሸት መቀባት ነው። በቀትር ዛፍ ሥር የተቀመጠ ሰው ፊት ይዩ፤ ፀሐዩ ባያገኘውም ከሰማዩ ሰማያዊ፣ ከአፈሩ ቀይ፣ ከለበሰው ጋቢ ነጭ ብርሃን ይደርሰዋል። ቀለሙ ሲጨልም ዓይነቱም አብሮ ይዞራል። እኛ ደግሞ ቀይ፣ ቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር እያልን መልክ ስንለይ የኖርን ሰዎች ነን፤ ስክሪን ፊት ስንቀመጥ ምን እንደሚነካን አላውቅም።

ከልጅቷ ጋር እንዲህ አደረግን። ዋናውን ጠይም በቀይ 150፣ በአረንጓዴ 95፣ በሰማያዊ 60 ያዝነው። ለጥላው ሦስቱንም እኩል ከማውረድ 112፣ 60፣ 52 አልን፤ አረንጓዴው ክፉኛ ሲወርድ ሰማያዊው ብዙም አልተነካም፤ ቀለሙ ወደ ቴምር ልጣጭ አዘነበለ። ግንባሩ ላይ ብርሃን ለሚያርፍበት 180፣ 128፣ 76፤ ይህ ወደ ማር ይሄዳል። ሦስት ቀለም ብቻ። አመዱ ከፊቷ ላይ ሲነሣ አየችና «እንዴ! ዳነች» አለች።

ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣም አስቀድሞ መወሰን አለበት። እኔ ሁልጊዜ ከላይ አደርገዋለሁ። ብዙዎች መሐሉን አንጥተው ዙሪያውን ሁሉ ያጨልማሉ፤ ሆዱ የተነፋ ትራስ ይሆናል እንጂ ደረት አይሆንም። የመሣያው ፕሮግራም ራሱ የሚያጠቁርበትን ብሩሽ በየቦታው የሚያሻሹትንማ ተዉአቸው። በዚህ ጠባብ ቦታ እያንዳንዱን ነጥብ በእጅ ለማስቀመጥ ጊዜ የጠፋው ሰው ምን ቢቸኩል ነው? ያለቀውን ሥዕል ፋይል አድርገው ሲያስቀምጡም በፒኤንጂ ነው፤ በጄፒጂ ካስቀመጡት ክፍት የነበረው ቦታ ይደፈናል፣ ቀለሙም ይዥጎረጎራል።

ነጭ ልብስ ሌላ ጣጣ ነው። ልጅቷ የሐበሻ ቀሚስ ፈልጋ እጥፋቱን በግራጫ ሠራችው፤ ሳሙና ያላየ መሰለ። ግራጫውን ትንሽ ወደ ሰማያዊ ስንገፋው ጥጡ ጠዳ። ጥለቱን ደረቷ መሐል በአንድ ፒክስል ልታወርድ ብትሞክር ወደ አንድ ጎን ተንጋደደባት፤ ስምንት ተጋማሽ ቁጥር ነውና መሐል የሚባል ነጠላ ነጥብ የለውም። ሁለት ፒክስል አደረግነው፤ አንዱን አረንጓዴ፣ አንዱን ወርቃማ።

አምሮባት ጌሙ ውስጥ ገባች። መራመድ ስትጀምር ግን ሁለቱ እግሮች ለየብቻ ስለሚወዛወዙ ቀሚሱ ከወገብ በታች እንደ ሱሪ ተከፈለ። ለዚህ መድኃኒት አላገኘሁለትም። ፎቶ ስትነሣ ቆማ እንድትነሣ መከርኳት።