ማሽኑ የት ላይ ቆመ? አሮጌ የልብስ ማጠቢያን በቤት ውስጥ ለመጠገን

የእናቴ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ዕድሜው ከ15 ዓመት በላይ ነው። አንድ የበዓል ዋዜማ ሆዱ ውሃና ልብስ እንደሞላ ቀጥ ብሎ ቆመ። በሩ አይከፈት፣ ውሃው አይወርድ። ሊያየው የመጣው ሠራተኛ ብዙም ሳይቆይ «ሞተሩ ሄዷል፤ ከምታሠሩት አዲስ ብትገዙ ይሻላችኋል» ብሎ ወጣ። እናቴ ልቧ አልቆረጠም። ወለሉ ላይ አሮጌ ፎጣ አነጠፍንና ከማሽኑ ግርጌ በስተቀኝ ያለችውን ትንሽ ክዳን ከፈትን። ከውስጥ አንድ የብር ሳንቲም፣ ሁለት የፀጉር ሽቦ፣ አውራ ጣት የሚያክል የጋቢ ክር ተጠቅልሎ ወጣ። ጠርገን ገጠምነው፤ ማሽኑ እስከ ዛሬ ያጥባል። ሞተሩ ምንም አልሆነም ነበር።

ይህን የማነሣው የሰውየውን ሙያ ለመንቀፍ አይደለም። ብዙ ቤት ውስጥ በቀላሉ የሚድን ማሽን «አርጅቷል» ተብሎ በረንዳ ላይ ስለሚጣል ነው። በፊት ለፊት የሚከፈት ማሽን የሚሠራው ሥራ በቅደም ተከተል ነው፦ ውሃ ይቀበላል፣ ያሞቃል፣ ልብሱን ያገላብጣል፣ ውሃውን ያስወጣል፣ በመጨረሻም በፍጥነት ዞሮ ይጨምቃል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ምኑ ተበላሸ?» ሳይሆን «የት ላይ ቆመ?» መሆን አለበት። የቆመበትን ቦታ ያወቀ ሰው ግማሹን ጥገና ጨርሷል።

ከመንካትዎ በፊት

ስፒናውን ከሶኬት ይንቀሉ። ማሽኑን ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ ቤታችን የሚገባው 220 ቮልት ነው፣ ከውሃ ጋር ሲገናኝ ደግሞ ምሕረት የለውም። የውሃውን ቧንቧ ይዝጉ። በሙቅ ውሃ ሲያጥብ የቆመ ከሆነ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ። የማሽኑን ብረት ሲነኩ ነዘር የሚያደርግዎ ከሆነ የመሬት ሽቦው በትክክል አልተያያዘም ወይም የሆነ ቦታ ኤሌክትሪክ እያመለጠ ነው። ያን ጊዜ ማሽኑን አይንኩት፤ ኤሌክትሪሺያን ይጥሩ።

ውሃ አልገባ ሲል

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ደለል ነው። ውሃው ጠፍቶ ሲመለስ ከቧንቧው ዝገትና አሸዋ ጠርጎ ይመጣል። ከማሽኑ ጀርባ የውሃ ቱቦው የሚገባበት አፍ ላይ ትንሽ ወንፊት አለች፤ ያ ሁሉ ቆሻሻ የሚጠራቀመው እሷ ላይ ነው። ቱቦውን ይፍቱ፣ ወንፊቷን በፒንሳ ቀስ ብለው ስበው ያውጡ፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አጥበው ይመልሱ። ቱቦው ጫፍ ላይ ያለው ጎሚኒ ከደረቀ ወይም ከተሰነጠቀ ይቀይሩት። ከዚያ በኋላ ውሃ ጠፍቶ በተመለሰ ቁጥር ውሃውን በሌላ ቧንቧ ጥርት እስኪል ካፈሰሱ በኋላ ማሽኑን ያስነሡ።

ወንፊቷ ንጹሕ ሆና ውሃው ክር ሆኖ የሚገባ ከሆነ ግፊቱን ያስቡ። ውሃ በ10 ሜትር ከፍታ የሚሰጠው ግፊት 1 ባር ያህል ነው። ብዙ ማሽኖች ቢያንስ 0.5 ባር ግድም ይፈልጋሉ፤ ይህም ውሃው የሚመጣው ከሮቶ ከሆነ ሮቶው ከማሽኑ 5 ሜትር ያህል ከፍ ማለት አለበት ማለት ነው። 3 ሜትር ማማ ላይ ያለ ሮቶ 0.3 ባር ብቻ ይሰጣል። ማሽኑ ውሃው በተመደበለት ጊዜ ካልሞላ የስህተት ምልክት አሳይቶ ይቆማል። እንዲህ ያለው ቤት የሚያስፈልገው ሮቶውን ከፍ ማድረግ ወይም ትንሽ የውሃ ፓምፕ ነው፤ ማሽኑ ግን ደህና ነው።

ውሃ አልወጣ ሲል

የእናቴ ቤት ታሪክ ይህ ነው። ከግርጌው ክዳን ጀርባ የፍሳሽ ፓምፑ ፊልትሮ አለ። አንዳንዱ ማሽን አጠገቡ ቀጭን ቱቦ አለው፤ መጀመሪያ በሱ በኩል ውሃውን በሳህን ያውርዱ። ከዚያ ፊልትሮውን ወደ ግራ እያዞሩ ቀስ ብለው ይፍቱ፤ ውሃው መፍሰስ ሲጀምር ቆም ይበሉ፣ ሳህኑ ሲሞላ መልሰው ይዝጉ፣ ይድፉ፣ እንደገና ይፍቱ። ፊልትሮው ከወጣ በኋላ በባትሪ መብራት ወደ ውስጥ ይመልከቱ። እዚያ ያለችውን ትንሽ ተሽከርካሪ በጣትዎ ያዙሯት። እየተቆራረጠች ብትዞር አይደንግጡ፤ ውስጧ ማግኔት ስላለ ነው። ፈጽማ ካልዞረች ክር ወይም ሽቦ ተጠምጥሞባታል።

ሌላው የሚዘነጋው የፍሳሽ ቱቦው ከፍታ ነው። ብዙ ጊዜ ጫፉ ከወለሉ ከ60 እስከ 100 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ መሰቀል አለበት። መሬት ላይ ከተጣለ ውሃው በገባበት ፍጥነት ራሱ ይወጣል፤ ማሽኑ ሲሞላ ይውላል እንጂ አይጠግብም። ውሃውም ሳሙናውም በከንቱ ይሄዳል።

አልጨምቅ ሲል፣ ሲንቀጠቀጥ

ጋቢን ብቻውን ያጠበ ሰው ይህን ያውቀዋል። ጋቢ ውሃ ሲጠጣ ይከብድና ከበሮው አንድ ጎን ላይ ይከመራል። ማሽኑ ሚዛኑን ለማስተካከል ወዲያና ወዲህ ደጋግሞ ይዞራል፤ ካልሆነለት ራሱን እንዳይጎዳ ሳይጨምቅ ያቆማል። ይህ ብልሽት አይደለም። ጋቢውን ከሁለት ሦስት ፎጣ ጋር ያጥቡት፤ ክብደቱ ከበሮውን ሁሉ ይዞ ይከፋፈላል።

ቀላል ልብስም ይዞ ከቦታው እየተነሣ የሚሄድ ከሆነ እግሮቹን ይመልከቱ። ውሃልክ ከላይ ያኑሩ፤ እግሮቹን እየፈቱና እያጠበቁ ያስተካክሉ፣ ዳዶዎቻቸውንም ያጥብቁ። አዲስ የተገዛ ወይም ተጓጉዞ የመጣ ከሆነ ከጀርባው የመጓጓዣ ብሎኖች መውጣታቸውን ያረጋግጡ። ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ መንቀጥቀጡ ካልቀረ የከበሮውን ንዝረት የሚያበርዱት አሞርዛተሮች ደክመው ሊሆን ይችላል።

ሳይዞር ሲቀር፣ ሲጮህ

የሚያጉረመርም ሞተር ሰምተው ከበሮው ካልዞረ የጀርባውን ሽፋን በካቻቢቴ ይክፈቱ። ቺንጋው ወልቆ ወይም ተበጥሶ ሊሆን ይችላል። በአሮጌ ማሽኖች ሞተር ግራና ቀኝ ሁለት ካርቦኖች አሉ፤ ከሚዞረው ክፍል ጋር እየተፋጩ ስለሚሠሩ ያልቃሉ። ምልክቱ አንዴ እየዞረ አንዴ እየቆመ መሥራቱ፣ ብልጭታና የመቃጠል ሽታ ነው። ርዝመታቸው ወደ 1 ሳንቲ ሜትር ከወረደ ሁለቱንም በአንድ ላይ ይቀይሩ። «ሞተሩ ተቃጥሏል» የተባለ ብዙ ማሽን በዚህ ይድናል።

የኩሽኔታው ነገር ግን የተለየ ነው። ባዶውን ከበሮ በእጅዎ ያዙሩት፤ የሚንኮሻኮሽ ድምፅ ካሰማ፣ ጠርዙን ይዘው ወደ ላይ ሲያነሡት ለብቻው ከተንቀሳቀሰ፣ ሲጨምቅ እንደ አውሮፕላን ከጮኸ ኩሽኔታው አልቋል። ይህ ማሽኑን ሙሉ በሙሉ መፍታት ይጠይቃል። ዋጋውን ከማሽኑ ዋጋ ጋር ያመዛዝኑ።

ውሃው ካልሞቀ

ቴስተር ያለው ሰው ማሞቂያውን መለካት ይችላል። 2000 ዋት የሆነ ማሞቂያ በ220 ቮልት ሲሠራ ተቃውሞው 24 ኦም ያህል ነው። ቴስተሩ ምንም ካላነበበ ተቋርጧል። ማሽኑ ማሞቅ ሲጀምር ብሬከሩ የሚወርድ ከሆነ ደግሞ ከሚጠረጠሩት ውስጥ ማሞቂያው ወደ አካሉ ኤሌክትሪክ ማሳለፉ ይገኝበታል። ማሞቂያው ከተቋረጠ ወይም ወደ አካሉ ካሳለፈ ይቀየራል። የሚለካው ስፒናው ተነቅሎ፣ ሽቦዎቹም ከማሞቂያው ተለያይተው ነው።

ችግሩ ከመምጣቱ በፊት

በእጅ ለሚታጠብ ልብስ የተሠራ የዱቄት ሳሙና ማሽን ውስጥ ከመጠን በላይ አረፋ ይሠራል። አረፋው ውሃው እንዳይወጣ፣ ልብሱም በደንብ እንዳይጨመቅ ያደርጋል፤ በማሽኑ ውስጥ ያሉትን ቀጫጭን ቱቦዎችም በዝቃጩ ይደፍናል። ለማሽን የተዘጋጀውን ሳሙና በልኩ ይጠቀሙ። መብራት ሲጠፋና ሲመለስ የቮልቱ መዋዠቅ የማሽኑን መቆጣጠሪያ ቦርድ ሊያቃጥል ይችላል፤ ስለዚህ አቅሙ የሚመጥን ስታቢላይዘር ቢኖር መልካም ነው። መብራት ሲጠፋ ስፒናውን ነቅሎ መጠበቅም ዋጋ የለውም አይባልም። ማሽኑ ሲጨርስ በሩ ወዲያው ካልተከፈተ እጀታውን አይታገሉ፤ መቆለፊያው አንድ ሁለት ደቂቃ ይፈልጋል።

ኪስ ሁሉ ይፈተሽ፤ ፊልትሮውም በወር አንድ ጊዜ ይጸዳ። ከዚህ በኋላ ሠራተኛ ሲጠሩ «ማሽኔ ተበላሸ» ከማለት «ይሞላል፣ ያገላብጣል፣ ውሃ ማስወጣት ላይ ይቆማል» ይበሉት። የሚቀይረውን ዕቃ እንዲያሳይዎ ይጠይቁት። ማሽንዎ ይጣል ከመባሉ በፊት ግን ከግርጌው ያለችውን ትንሽ ክዳን ይክፈቷት።